ቴፑን ጫማው መረጠው፦ የአንድ ስኬትቦርድ ግሪፕ ቅየራ

ስኬትቦርድ ላይ እግር የሚያርፍበት ጥቁር ሻካራ ልባስ ግሪፕ ቴፕ ይባላል። ልጆቹ ባጭሩ ግሪፕ ይሉታል። ከቦርዱ ዕቃዎች ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ጎማውን ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዘው ትራክ ብረት ነው። ጎማውና ኩሽኔታው ከውጭ ነው የሚመጣው። እንጨቱ በተለምዶ ሰባት ስስ የሜፕል ንጣፎች ተደራርበው የተጣበቁበት ነው። ግሪፕ ግን ባንድ ፊቱ ሻካራ ብናኝ፣ በሌላው ፊቱ ሙጫ ያለው አንድ ልጣጭ ነገር ነው። አለቀ።

ለዚህም ይመስለኛል ስለሱ የሚሰጠው ምክር ሁሌ አጭር የሆነው። ሲያረጅ ላጠው፣ አዲስ ግዛ፣ ለጥፍ። ምክሩ የመጣው ግሪፕም የስኬት ጫማም በየሱቁ ከተደረደረበት አገር ነው። አዲስ አበባ ላይ ሂሳቡ ሌላ ነው። እዚህ ኪስ የሚጎዳው ጫማው ነው። ግሪፕ ደግሞ ጫማ ይበላል። በጣም የሚይዝ ግሪፕ በጣም ይበላል። ስለዚህ እኔ ግሪፕ ከመምረጤ በፊት የልጁን ጫማ አያለሁ። ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ቦርድ ላሳያችሁ።

ቦርዱ

ባለቤቱ የእህቴ ልጅ ነው። 15 ዓመቱ ነው። ቦርዱን የላከችለት ቨርጂኒያ ያለችው አክስቱ ናት። የራሷ ልጅ ነድቶ የጠገበውን ከቫይታሚንና ከልብስ ጋር በሰው ሻንጣ ሰደደችው። ስፋቱ 8 ኢንች ነው፤ 20 ሴንቲ ሜትር ከምናምን። እንጨቱ ጤነኛ ነው። ግሪፑ ግን ሲመጣም አርጅቶ ነበር።

ልጁ አዘቦት ቀን ሰፈር አስፋልት ላይ ይነዳል። ቅዳሜ ላፍቶ ይሄዳል። ለማታውቁት፣ ላፍቶ የወጣቶች ማዕከል ውስጥ የኮንክሪት ስኬት ፓርክ አለ። የተከፈተው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ የሚባል ድርጅትና ኢትዮጵያ ስኬት የሚባለው የራሳችን ልጆች ስብስብ፣ ከብዙ አገር ከመጡ በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው በእጃቸው ያቆሙት ነው። መግቢያ አይከፈልበትም። እዚያ የምታዩት ቦርድ አብዛኛው በስጦታ ወይም በዘመድ የመጣ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። እኔም እንጨት ሥራ ስለምሞክር የልጆቹን ቦርድ አልፎ አልፎ እጠግናለሁ።

የዚህኛው ጉዳይ የመጣብኝ ክረምት ሲገባ ነው። ያመጣው ልጁ አይደለም፤ እናቱ ናት። ባንድ እጇ ቦርድ፣ በሌላው አንድ እግር ጫማ ይዛለች። ልጁ ከኋላዋ ቆሟል።

"ወንድሜ፣ ወይ አስተካክልለት ወይ ውሰድልኝ" አለች። "ይሄ ነገር ጫማ እየበላ ነው። መስከረም ሳይጠባ ሌላ ጫማ አልገዛም።"

"አጎቴ፣ ግሪፑ አልቆ ነው እኮ፤ ቦርዱ ምንም አልሆነም" አለ ልጁ።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ቦርዱን ገለበጥኩት። የፊተኛው ግማሽ ከመላጣ አልፎ እንጨቱ ይታያል። በመላጣው ላይ ልጁ የራሱን መላ መትቷል፦ ብርጭቆ ወረቀት ገዝቶ በማስቲሽ ለጥፎበታል። ሻካራውን መርጦ ነው የገዛው፤ 40 ቁጥር። የወረቀቱ ጠርዝ ተነስቷል። መሀሉ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ጫማው ደግሞ በጎኑ ተቀዶ ካልሲ ያሳያል።

ብርጭቆ ወረቀት ለምን አልሠራም

ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። ግሪፕ ቴፕም የብርጭቆ ወረቀት ቅርብ ዘመድ ነው። ላዩ ላይ ያለው ብናኝ ሲሊከን ካርባይድ ይባላል፤ ብረት የሚሞርዱበት ድንጋይም ከሱ ይሠራል። የሻካራነቱ ቁጥርም የሚቆጠረው በዚያው በብርጭቆ ወረቀቱ አቆጣጠር ነው። የስኬት ግሪፕ አብዛኛውን ጊዜ 80 አካባቢ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ፍሬው ይተልቃል። ስለዚህ 40 ቁጥር ማለት ከተለመደው ግሪፕ እጅግ የሻከረ ነው። ለእንጨት መላጊያ የተሠራ ነገር ሸራ ጫማ ላይ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም።

ሌላው ችግር ጀርባው ነው። ተራው ብርጭቆ ወረቀት ጀርባው እውነተኛ ወረቀት ነው። አንድ የሐምሌ ዝናብ ይበቃዋል። ከማስቲሹ ባይላቀቅ እንኳ ራሱ ለሁለት ይሰነጠቃል።

ሦስተኛውን ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም። በሉክ የሚሸጠው ብርጭቆ ወረቀት 23 በ28 ሴንቲ ሜትር ነው። ቦርዱ 80 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ስለዚህ መቀጠል ግድ ነው። ልጁ ሲቀጥለው መጋጠሚያው በቦርዱ ወርድ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ወጣ። ጫማው የሚፈተገው ደግሞ በቦርዱ ርዝመት ነው። በዘለለ ቁጥር ጫማው እዚያ መጋጠሚያ ላይ ይደርሳል፤ ጠርዙን ይገፋዋል፤ ያነሳዋል። የተነሳው ጠርዝ በተራው ጫማውን ይቀዳል። እርስ በርስ ሲበላሉ ከረሙ።

ጫማውን ማንበብ

ለምን በርዝመቱ እንደሚፈተግ ላስረዳ። ኦሊ የሚባለው ዝላይ አለ፤ ቦርዱን በእጅ ሳይነኩ ይዞ መነሳት። የኋላ እግር የቦርዱን የኋላ ጫፍ፣ ጭራውን፣ መሬት ላይ ይመታል። የፊቱ ጫፍ፣ አፍንጫው፣ ወደ ላይ ይነሳል። የፊት እግር በጎኑ ተጋድሞ ከቦርዱ መሀል ወደ አፍንጫው እየተፈተገ ይወጣና ቦርዱን ያስተካክለዋል። ዝላዩን በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ ያመጣው አለን ጌልፋንድ የተባለ የፍሎሪዳ ልጅ ነው። ሮድኒ መለን የተባለ ሌላ ነጂ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ከተጠማዘዘ ግድግዳ ወደ ደልዳላ መሬት አወረደው። ከዚያ ወዲህ የግሪፕ ሥራ ተለወጠ። ድሮ ላለመንሸራተት ነበር። አሁን ጫማው ቦርዱን ወደ ላይ የሚጎትትበት መያዣ ሆነ። ጫማ መበላት የጀመረውም ያኔ ነው።

የእህቴ ልጅ ግራ እግሩን ያስቀድማል። የግራ ጫማው በውጭ በኩል፣ ከትንሿ ጣት አጠገብ ተቀዷል። የመጀመሪያው ማሰሪያ ተበጥሶ ተቋጥሯል። የቀኙ ጫማ ግን ሶሉ ትንሽ ከማለቁ በቀር ደህና ነው። ይህ ብዙ ነገር ይናገራል። ልጁ ኦሊ ላይ ነው ያለው፤ ቦርዱን አየር ላይ በእግር የሚያሽከረክሩበትን ኪክፍሊፕ የሚባል ዝላይ ገና እየሞከረ ነው። ኪክፍሊፕ የሚያዘወትር ቢሆን ቀዳዳው ወደ ጫማው ጫፍ ጠጋ ይል ነበር። ጫማው ሸራ ነው። ሸራ አንድ ክር ከተበጠሰ ጎረቤቱ ይከተላል። ስዌድ የሚባለው ፀጉራም ቆዳ ግን ቀስ በቀስ ይሳሳል እንጂ ድንገት አይተረተርም። የስኬት ጫማዎች አብዛኞቹ ፊታቸው ላይ ስዌድ ያለባቸው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ከፊቴ ያለው ጉዳይ ይህ ነው፦ ጥሩ እንጨት፣ መላጣ ግሪፕ፣ ሸራ ጫማ፣ ኦሊ የለመደ ልጅ፣ የመጣ ዝናብ፣ የተቆጣች እናት።

ምን አማራጭ ነበረን

የመጀመሪያው የደረጃ ቴፕ ነው። የሕንፃ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ በጥቅል ታገኙታላችሁ፤ ሰው እንዳያንሸራትተው ደረጃ ጠርዝ ላይ የሚለጠፈው ጥቁር ሻካራ ቴፕ። ይህ ከስኬት ግሪፕ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። አንደኛው የተለመደ መጠን 5 ሴንቲ ሜትር ወርድና 5 ሜትር ርዝመት ነው። ሂሳቡ ደግሞ ለ8 ኢንች ቦርድ ደስ ይላል። አራት ቁራጭ ጎን ለጎን ስትለጥፉ 20 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል። ቦርዱ 20.3 ነው። በመካከላቸው አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ክፍተት ብትተዉ ሙሉ ይሆናል። ርዝመቱም አራት ጊዜ 80 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 3 ሜትር ተኩል ይበቃል። ከጥቅሉ ይተርፋል።

ቁራጮቹ በቦርዱ ርዝመት ነው መሄድ ያለባቸው። በወርድ ከለጠፋችሁ የብርጭቆ ወረቀቱ ታሪክ ይደገማል። በርዝመት ሲሆን ጫማው ከመጋጠሚያው ጋር አብሮ ይሄዳል እንጂ አይገፋውም።

ታዲያ ለምን አልመረጥኩትም? ሁለት ነገር አለበት። የደረጃ ቴፕ የተሠራው ዝናብ ላይ ለሚረግጥ ሰው ነው። ፍሬው አብዛኛውን ጊዜ ከስኬት ግሪፕ ይተልቃል፤ 60 ቁጥር የሆነው ብዙ ነው። ጀርባው ደግሞ ወፍራም ነው፤ ቦርዱ ጠርዝ ላይ ሲታጠፍ ያስቸግራል። ዝም ብሎ ለሚነዳ፣ ለማይዘል ልጅ ግን ዓይኔን ሳላሽ እለጥፍለታለሁ። ብዙ ትንንሽ ልጆች ከዚህ በላይ አያስፈልጋቸውም።

ሁለተኛው ቬርኒሽ ቀብቶ ሳይደርቅ አሸዋ መነስነስ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ግሪፕ ቴፕ ሳይለመድ ልጆች እንዲህ ያለ ዘዴ ይጠቀሙ ነበር። ለረጅም መንሸራሸሪያ ቦርድ ዛሬም የሚያደርጉት አሉ። ችግሩ መመለሻ የለውም። አሸዋው እንጨቱ ላይ ከደረቀ በኋላ ሌላ ቴፕ ልለጥፍ ብትሉ ሙጫው የሚይዘው ለስላሳ ቦታ አያገኝም። ሙሉውን መላግ ነው። ይህን አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩበትም።

ሦስተኛው ትክክለኛው ግሪፕ ነው። እዚህ ላይ አንድ መልካም ነገር አለ። ግሪፕ ለመላክ ከቦርድ ዕቃ ሁሉ ቀላል ነው። አንድ ሉክ 9 በ33 ኢንች ነው፤ 23 በ84 ሴንቲ ሜትር ግድም። ይጠቀለላል። ሻንጣ ውስጥ ከልብስ መሀል ይገባል። ክብደቱ አይታወቅም። መታጠፍ ብቻ የለበትም፤ አንዴ ከታጠፈ እጥፋቱ ቦርዱም ላይ አብሮ ይወጣል። አክስትየው ስልክ ተደወለላት። ሰው ሲመጣ ሁለት ሉክ ላከች። ሱቅ ገብታ "የቱ ይሻላል?" ብላ ስትጠይቅ ሁለቱንም ሰጧት መሰለኝ፤ አንዱ ሞብ ነው፣ ሌላው ጄሰፕ።

ሞብ ወይስ ጄሰፕ

ሁለቱም የቆዩ የግሪፕ ምርት ስሞች ናቸው። ጄሰፕ ከፈረንጆቹ 1970ዎቹ ጀምሮ አለ። በመዳፍ ስትዳስሷቸው ልዩነታቸው ይታወቃል። ሞብ ይነክሳል። ጄሰፕ ለስለስ ይላል። የፍሬ ቁጥራቸው ቢቀራረብም ብናኙ የተነሰነሰበትና የተሸፈነበት መንገድ ስሜቱን ይለውጠዋል። ሞብ ላይ በብርሃን ስታዩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ሲለጠፍ አየር ማስወጫ ናቸው። ተራው ጄሰፕ ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ ሲለጠፍ የአየር አረፋ ይይዛል። ቶሎም ያልቃል፤ ይህ የታወቀ ነው።

ልጁ ሞቡን አንስቶ አለቀቀም።

"ላፍቶ ያሉት ሁሉ ይሄን ነው የሚፈልጉት፣ አጎቴ። ይይዛል።"

"ይይዛል። ምን እንደሚይዝ ግን ጫማህን እየው።"

"እና ለስላሳውን ለጥፌ እንዴት ነው ኪክፍሊፕ የምሠራው?"

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ቀጥተኛ ነው። ኦሊና ኪክፍሊፕ በለስላሳ ግሪፕ ይሠራሉ። ሰዎች ለአሥርት ዓመታት በጄሰፕ ሠርተዋቸዋል። አንዳንድ የተካኑ ነጂዎች እንዲያውም ያለቀውን ግሪፕ ይመርጣሉ፤ እግራቸውን ለማስተካከል ይመቻቸዋል። ሻካራው ለጀማሪ የሚሰጠው የመተማመን ስሜት ነው። እሱንም አልንቀውም። ግን ዋጋው አለ። ሞብ ቢለጠፍ ያ ሸራ ጫማ መስከረምን አያይም። ጄሰፑ ከጫማው ቀድሞ ያልቃል። እኔ ደግሞ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ሁለት ነገር ሲፋተግ አንዱ ማለቁ ካልቀረ፣ ርካሹ ይለቅ።

ተከራከርን። በመጨረሻ እናቱ ከጓዳ "ለስላሳውን!" ብላ ጮኸች። ጉዳዩ ተዘጋ።

ጫማ ሰፊው ዘንድ

ግሪፑን ከመንካታችን በፊት ጫማውን ይዘን መንደር ውስጥ ያለ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄድን። ሰውየው ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ።

"ይሄ ልጅ ባንድ እግሩ ብቻ ነው እንዴ የሚሄደው?" አለ።

ልጁ አስረዳው። ጋሼ እያለ፣ እግሩን እያሳየ፣ መንገድ ላይ ባዶ ዝላይ እየዘለለ። ሰውየው ነገሩ ገባው። ከቁርጥራጭ ቆዳ መሀል ስዌድ የሆነ አውጥቶ ፀጉራሙን ወደ ውጭ አደረገ። በማስቲሽ ከለጠፈው በኋላ ሰፋው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ለመንኩት። ስፌቱ ጫማው በሚፈተግበት መስመር ላይ እንዳይውል። ክሩ ግሪፕ ላይ ከተፈተገ ቀድሞ የሚበጠሰው እሱ ነው። ስለዚህ ልጥፉ ከሚያስፈልገው ሰፋ ብሎ ተቆረጠ፤ ታችኛው ጠርዝ እስከ ሶሉ፣ ላይኛው እስከ ማሰሪያው ሥር ደረሰ። ስፌቱ ዳር ላይ ሆነ። የታችኛውን የማሰሪያ ቀዳዳ ባዶውን ተውነው፤ እዚያ ያለ ማሰሪያ ሁሌ ይበጠሳል።

ከዚህ ሁሉ ሥራ ትልቁን ውጤት ያመጣው ይህ ይመስለኛል። ዋጋው ደግሞ ከሻይ ብዙ አይርቅም።

መላጥ

ከሁሉ አድካሚው አሮጌውን ማንሳት ነው። መጀመሪያ ትራኩ ይፈታል። ስምንት ቡሎን አለ። እዚህ ተጠንቀቁ። የቡሎኖቹ ዳዶ በኢንች የተሠራ ነው፤ 3/8 ኢንች፣ ማለትም 9.5 ሚሊ ሜትር። እኛ ቤት ያለው ባለ 10 ቁልፍ ይገባል ግን ይላወሳል። ጠበቅ ብሎ የታሰረ ዳዶ ላይ በኃይል ካዞራችሁ ማዕዘኑን ይልጠዋል። እኔ ዳዶውን በፒንሳ ጥርቅም አድርጌ ይዤ ከላይ በካቻቢቴ ፈታሁት። የጎማው ዳዶ ግን 1/2 ኢንች ስለሆነ ባለ 13 ቁልፍ ልኩ ነው ማለት ይቻላል።

የግሪፕ ሙጫ ሲሞቅ ይለሰልሳል። የውጭዎቹ የፀጉር ማድረቂያ ይጠቀማሉ። እኛም ፎን ተዋስን፤ ሰክተን ሳንጨርስ መብራት ሄደ። ደግነቱ ፀሐይ አለች። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ክረምትም ቢሆን ደመናው ሲገለጥ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። ግሪፕ ጥቁር ነው፤ ሙቀት ይስባል። ፊቱን ወደ ፀሐይ አድርገን ግድግዳ ላይ አስደገፍነው። ግሪፑ እጅ ሲያቃጥል ጀመርን። ሰዓታት ሙሉ መርሳት ግን አይገባም፤ የእንጨቱ ንጣፎች የተያያዙትም በሙጫ ነው። ከሰል ላይ ወይም እሳት አጠገብ ማሞቅማ አይታሰብ።

አፍንጫው ጋ የካተር ምላጭ አስገብተን ጠርዙን አነሳን። ከዚያ መጎተት ነው። ወደ ላይ ከጎተታችሁ ይቀደዳል። ወደ ኋላ፣ ቦርዱን ሊነካ እስኪቀርብ ዝቅ አድርጎ፣ በቀስታ መሳብ ነው ዘዴው። የኋለኛው ግማሽ ባንድ ቁራጭ መጣ። ብርጭቆ ወረቀት ያለበት ግን አሳር አሳየን። ወረቀቱ በንጣፍ በንጣፍ ተላጠ። ማስቲሹ ቀረ። ደግሞ ፀሐይ ላይ አወጣነው። ከዚያ በአውራ ጣት ስናሽ እየተጠቀለለ ወጣ። የተረፈውን ጨርቅ ላይ ጥቂት አኳራጅ ጠብ አድርገን ጠረግን። ጨርቁ ላይ እንጂ እንጨቱ ላይ አይፈስም፤ እንጨት ይጠጣዋል፣ አዲሱ ሙጫም አይይዝም። ሽታው እስኪጠፋ አስጥተን ተውነው። ይህ ውጭ የሚሠራ ሥራ ነው።

እርቃኑን የቀረ ቦርድ መመርመሪያ ጊዜ ነው። በጣት ዳርና ዳሩን ዳሰስን። ቡሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ ፈለግን፤ የለም። ጭራው ላይ አንድ ንጣፍ ትንሽ ተነስቷል። ኮላ አስገብተን ጨርቅ ጠቅልለን በሞርሳ ያዝነው፤ እስከ ማግስቱ። ከዚያ ጎርበጥ ያለውን በልጁ በራሱ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው። ቢያንስ አንድ ቦታ ጠቀመ።

መለጠፍ

ጠዋት ቀዝቃዛ ሲሆን አትለጥፉ። እንዲህ ያለ ሙጫ የሚይዘው በግፊት ነው፤ ሲበርደው ይደርቅና ችላ ይላል። የክረምት ጠዋት ሲሚንቶ ወለል ላይ መለጠፍ ትርፉ ድካም ነው። እኩለ ቀን ድረስ ጠበቅን። ቦርዱን በደረቅ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በመዳፍ ጠረግነው። አንድ የቀረች አሸዋ ከግሪፕ ሥር ጉብ ብላ ትቀራለች።

ልጁ ጫፍና ጫፉን ያዘ። እኔ የጀርባውን ወረቀት ላጥኩ። ሉኩ 23 ሴንቲ ሜትር፣ ቦርዱ 20 ነው፤ ግራና ቀኝ አንድ ሴንቲ ከምናምን ይተርፋል። ስለዚህ ትንሽ ቢንጋደድ ችግር የለም። ቀዳዳ የሌለው ጄሰፕ ስለሆነ ከመሀል መጀመር ነበረብን። ቦርድ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ዳርና ዳሩ ከፍ፣ መሀሉ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ መሀሉን በርዝመቱ ተጫንን። ከዚያ ከመሀል ወደ ዳር በመዳፍ ገፋን። አፍንጫና ጭራ ላይ ቦርዱ ወደ ላይ ስለሚታጠፍ መጨረሻ የሚጫኑት እነሱ ናቸው። ሁለት አረፋ ቀረ። ስንጫነው ወደ ሌላ ቦታ ይሸሻል። በምላጭ ጫፍ ወጋ አድርገን ተጫንነው፤ ተኛ።

አሁን ጠርዙ። የካቻቢቴውን ብረት ጋደም አድርጋችሁ የቦርዱን ዳር ተከትላችሁ ትፈትጉታላችሁ። ሞረድም ይሆናል። ብናኙ ሲረግፍ ነጭ መስመር ይወጣል። ያ መስመር መቁረጫችሁ ነው። ካተሩ አዲስ ምላጭ ይግባበት። ግሪፕ ምላጭ ያደነዝዛል፤ በደነዘዘ ምላጭ የተቆረጠ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ቦርዱን ገልብጠን፣ ምላጩን ወደ ውጭ ዘንበል አድርገን፣ መስመሩን ተከትለን ዞርን። አፍንጫው ጋ ሲደርስ ትርፉን ቀድሞ ቆርጦ መጣል ይሻላል፤ አለበለዚያ ይጎትታል።

የተቆረጠውን ትርፍ አትጣሉት። ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ ጠርዙን ከላይ ወደ ታች በሱ ትፈትጉታላችሁ፤ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ቶሎ አይነሳም። ሁለተኛው የእኔ ተጨማሪ ነው። የፊት እግሩ የሚፈተግበትን ቦታ በቁራጩ ላዩን አሸሁት። ግሪፕ በግሪፕ ሲታሽ የመጀመሪያው ስለት ይሞታል። አዲስ ግሪፕ ጫማን በብዛት የሚበላው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ልጁ "አዲሱን ገደልከው!" ብሎ አኮረፈ። እኔ ደግሞ ጫማውን አሳየሁት። ይህችን ክርክር ደጋግሜ አሸንፌባታለሁ።

የቡሎኑን ቀዳዳ ከታች በወስፌ ወጋን። ከላይ ግሪፑ ጎልቶ ይወጣል፤ ያንን በሞረድ አስተካከልነው። ቡሎኖቹን በመስቀል አቅጣጫ ተራ በተራ አጠበቅን። ራሳቸው ከግሪፑ ጋር እኩል ሲሆን ይበቃል። ከዚያ በላይ ማጥበቅ እንጨት መስበር ነው። ልጁ ወዲያው ሊወጣ ነበር። ሙጫው ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው እያደረ ስለሆነ ቢያንስ እስከ ነገ አልኩት። ዝናቡ ከኔ ጋር ወገነ።

ከዚያ በኋላ

ክረምቱ አለፈ። ዝናብ ሲያባራ እየነዳ፣ ሲጥል ሰው በረንዳ ላይ ኦሊ እየተለማመደ ከረመ። ግሪፑ ላይ የፊት እግሩ ያለበት ቦታ ግራጫ ሆኗል። መላጣ ግን የለም። መጋጠሚያ ስለሌለው የተነሳ ጠርዝም የለም። የጫማው ልጥፍ ፀጉሩ ሄዷል፤ ቆዳው አለ። ስፌቱ አልተነካም። ማሰሪያው ያው የድሮው ቋጠሮ ነው።

ሁሉም ነገር ሠመረ አልልም። ለስላሳ ግሪፕ በአቧራ ቶሎ ይሞላል። የሰፈር ጭቃ ደርቆ ፍሬዎቹ መሀል ሲገባ ቦርዱ ያዳልጣል። ልጁ ይህን ሲያማርር እውነቱን ነው። ጭቃው በደንብ እስኪደርቅ ጠብቆ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ማራገፍ ይረዳል። ቀጥሎ በትልቅ ላጲስ ማሸት ነው። ውሃ አፍስሶ ማጠብ ግን በቀዳዳዎቹና በዳሩ እንጨቱን ያጠጣል። ኪክፍሊፑም ዘግይቷል። ግሪፑን ይወቅሳል። ላፍቶ ያሉት ትልልቅ ልጆች ግን እግሩ የቆመበትን ቦታ ይወቅሳሉ፤ ቡሎኖቹ አጠገብ ሳይሆን መሀል ላይ ነው የሚያቆመው። እኔ በዚህ አልገባም።

እህቴ ለመስከረም የገዛችው የትምህርት ቤት ጫማ ብቻ ነው። እሱን ለብሶ ቦርድ ላይ ካየችው ምን እንደምታደርግ ነግራዋለች።

ሞቡ ተጠቅልሎ አልቀረም። የልጁ ጓደኛ ከወንድሙ የወረሰው እውነተኛ የስኬት ጫማ አለው፤ ፊቱ ሙሉ ስዌድ ነው። ቦርዱም 8 ኢንች ተኩል ነው፤ 21.6 ሴንቲ ሜትር። 23ቱ ይበቃዋል። ልጁም ኪክፍሊፕ ላይ ነው፤ የሻከረ ግሪፕ ይጠቅመዋል፣ ጫማውም ይችለዋል። መስቀል ሰሞን ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለን ለጠፍነው። በነዚያ ቀዳዳዎች ምክንያት አንድም አረፋ አልያዘም። ጠርዙን የቆረጠው የእህቴ ልጅ ነው፤ እኔ ምላጭ ብቻ ነው የቀየርኩለት።